የሰበካው መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ፦ ምን ይገዛል? ምንስ ይቅር?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የአንድ ደብር ሀብት የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፤ በዕቃ ቤቱና በጸሐፊው መዝገብ። ዕቃ ቤቱ በር፣ ቁልፍና ጠባቂ አለው። መዝገቡ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ዝናብ ቢያርሰው፣ አይጥ ቢበላው ወይም ጸሐፊው አገር ለቆ ቢሄድ፣ ማን እንደተጠመቀ፣ ማን እንደከፈለና ማን ምን ስዕለት እንዳስገባ የሚያውቅ አይኖርም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለዚህ ችግር መፍትሔ ነው የተባለ ዕቃ በገበያ ላይ ቀርቧል። የአባላት መዝገብን፣ የገቢና የወጪ ሒሳብን፣ የምስክር ወረቀትንና የስልክ መልእክትን በአንድ ላይ የሚይዝ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ሶፍትዌር ነው። በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚገኙ አጥቢያዎች ሲጠቀሙበት የተመለከቱ ወጣቶች ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ሲመለሱ “ለእኛስ ለምን አይገዛም?” ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሚወሰነው በሚገዛው ዕቃ ዓይነት፣ በሚከፈልበት ገንዘብና ከሁሉም በላይ ዕቃው ለማን ተብሎ በተሠራው ነገር ላይ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች የሚተዳደሩት ቃለ ዓዋዲ በተባለው ደንብ ነው። ደንቡ በመጀመሪያ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ሲሆን፣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚወከሉበትን ሰበካ ጉባኤ አቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ትተዳደርበት የነበረውን ገቢ አጣች። ከዚያ ወዲህ የአጥቢያው አገልግሎት በዋናነት የቆመው ምእመናን በሚያዋጡት ላይ ነው።

በዚህም ምክንያት የአንድ ገጠር ደብር ሒሳብ ከአንድ ሱቅ ሒሳብ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። የሰበካ ጉባኤ ወርኃዊ ክፍያ አለ፤ ዐሥራትና በኩራት አለ፤ ሙዳየ ምጽዋት አለ፤ በየንግሡ የሚገባ ስዕለት አለ፤ ለሕንፃ ሥራ የሚሰበሰብ መዋጮ አለ። ከተማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሱቅ ኪራይ ይጨመራል። በወጪ በኩል የካህናት ደመወዝ፣ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብ፣ ጥገና እንዲሁም ለወረዳ ቤተ ክህነትና ለሀገረ ስብከት የሚላከው ፐርሰንት ይገኛሉ። ገበሬው የሚከፍለው እህል ሲገባና በርበሬ ሲሸጥ በመሆኑ ገቢው በዓመቱ ውስጥ እኩል አይከፋፈልም። በበጋ ሞልቶ በክረምት ይደርቃል።

ይህንን ሁሉ በአንድ ደብተር የሚይዝ ጸሐፊ ሊሳሳት መቻሉ አያስገርምም። ስሕተቱ ሲደጋገም ደግሞ ስሕተት መሆኑ ቀርቶ ሐሜት ይሆናል። የደብርን አስተዳደር ከምእመናኑ ጋር ከሚያጣሉት ጉዳዮች አንዱ ገንዘብ ስለሆነ፣ ጥሩ መዝገብ በመጀመሪያ የሚጠቅመው ንጹሑን ሒሳብ ሹም ራሱን ነው።

በገበያው ላይ ያለው

በአሁኑ ጊዜ አንድ አጥቢያ ሊመርጣቸው የሚችሉ ዕቃዎች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ኤክሴል ነው። ኮምፒዩተር ባለበት ሁሉ የሚገኝ፣ ከኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ ወጣት ሁሉ የሚያውቀው ነው። አባላትን መዘርዘር፣ ክፍያን መደመርና ያልከፈለውን መለየት ይችላል። ጉድለቱ የትናንቱን ቁጥር ዛሬ ማንም ሰው ሊለውጠው መቻሉ ነው፤ ማን እንደለወጠውም በቀላሉ አይታወቅም።

ሁለተኛው የንግድ ሒሳብ ፕሮግራም ነው። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የሠለጠኑበት ፒችትሪ፣ ስሙ ሴጅ 50 ተብሎ ከተለወጠ በኋላም በቀድሞ ስሙ ይጠራል። ገቢና ወጪን በሁለትዮሽ አመዘጋገብ ስለሚይዝ ለኦዲት ይመቻል። ሆኖም የተሠራው ለነጋዴ ነው። ደንበኛና አቅራቢ ያውቃል፤ ተጠማቂ፣ ክርስትና አባትና የንስሐ አባት አያውቅም።

ሦስተኛው በኢንተርኔት የሚከራየው የቤተ ክርስቲያን ሶፍትዌር ነው። በአሜሪካ ፕላኒንግ ሴንተር፣ ብሪዝና ታይዝሊ የሚባሉት ይታወቃሉ። መዝገቡ የሚቀመጠው በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን፣ አጥቢያው በየወሩ በዶላር ኪራይ እየከፈለ ይጠቀማል። ከዚሁ ወገን ያለ ክፍያ የሚገኝና ባለሙያ እንደፈለገ ሊያሻሽለው የሚችለው ቸርች ሲአርኤም የተባለው ነው። ይህኛው በአጥቢያው ኮምፒዩተር ላይም ሊጫን ይችላል። ነገር ግን የሚጭነውና የሚጠብቀው ባለሙያ ያስፈልጋል።

አራተኛው ለአንድ አጥቢያ ወይም ለአንድ ሀገረ ስብከት ተብሎ በአገር ውስጥ ባለሙያ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ከልክ ጋር የሚስማማው እሱ ነው። አደጋው ያለው ከሠሪው ጋር ነው። የሠራው ልጅ ሥራ ቀይሮ ወይም አገር ለቆ ሲሄድ ፕሮግራሙ ባለቤት ያጣል። ስለዚህ ሲገዛ መዝገቡን በኤክሴል አውጥቶ መውሰድ እንደሚቻል በውሉ ላይ ሊጻፍ ይገባል።

የዶላሩ ስሌት

የኪራዩን ነገር በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ደብር 600 አባወራ አለው እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢከፍል በ12 ወር የሚሰበሰበው 144,000 ብር ነው። ሶፍትዌሩ በወር 50 ዶላር ቢከራይ በዓመት 600 ዶላር ይሆናል። ዶላሩ በ57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ይህ 34,200 ብር ነበር፤ ከገቢው ሩብ ይጠጋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዶላሩ 130 ብር ሲደርስ ያው ኪራይ 78,000 ብር ሆነ። ይህ ከገቢው ከግማሽ በላይ ነው። አጥቢያው አንድም አዲስ አገልግሎት ሳያገኝ ወጪው ከሁለት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

በተጨማሪም ኪራዩን ለመክፈል የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በራሱ ካርድ ቢከፍልላቸው፣ ያ ሰው የከፈለ ዕለት መዝገቡ ይከፈታል፤ ያቆመ ዕለት ይዘጋል። የደብር መዝገብ በአንድ ሰው ካርድ ላይ መንጠልጠሉ በአንድ ጸሐፊ ደብተር ላይ ከመንጠልጠሉ ብዙም አይሻልም።

ከዚህም ሌላ እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩበትን ምክንያት ማወቅ ያሻል። በአሜሪካ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ስጦታ ከግብር ሊቀነስ ይችላል። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ግብሩን ለማስቀነስ ከቤተ ክርስቲያኑ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የሶፍትዌሩ ትልቁ ሥራ ለእያንዳንዱ ሰጪ የዓመት መግለጫ ማውጣት ሆነ። በዋሽንግተን ወይም በሲያትል ላለ የኢትዮጵያውያን አጥቢያ ይህ ዋጋ አለው። በወምበርማ ወይም በሰከላ ለሚያርስ ገበሬ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በእጁ የሚይዘው ደረሰኝና በዓመቱ መጨረሻ በጉባኤ የሚነበብ ሒሳብ ነው።

ፕሮግራሙ የማያውቀው

የውጭው ሶፍትዌር ወደ ጎጃም ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰናከለው በቀን መቁጠሪያ ነው። በአገራችን የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ የሒሳብ ዓመት ከወሩ መጀመሪያ ቀን በስተቀር እንዲጀምር አይፈቅዱም። የደብር ገቢ ከፍ የሚለውም በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እንዲሁም በዓመቱ ንግሥ ነው። እነዚህን በፈረንጅ ወር ከፋፍሎ የሚያቀርብ ዘገባ ለአስተዳዳሪው ምንም አይነግረውም። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ ቦታ የላትም።

ቀጥሎ ስም ይመጣል። ፕሮግራሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በእኛ አገር ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠሩ አንዱ ቤት ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖረዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን የክርስትና ስም ነው። ሰው ሲሞት ፍትሐት የሚደረገው፣ ተዝካሩም የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው። ሟቹን መንደሩ በሙሉ በዓለም ስሙ ሲያውቀው የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱና ክርስትና አባቱ ብቻ የሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። እነሱም ካለፉ የሚጠየቀው መዝገቡ ነው። ስለዚህ ለአንድ አጥቢያ የሚገዛ ፕሮግራም የክርስትና ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ የተጠመቀበት ቀንና ያጠመቀው ካህን የሚሞሉበት ቦታ ከሌለው፣ ሌላው ነገር ቢያምርም ለጥምቀት መዝገብነት አይሆንም።

ሦስተኛው ፊደል ነው። አንድ ጸሐፊ ኃይለ ማርያም ብሎ የመዘገበውን ሌላው ሀይለ ማርያም ብሎ ይፈልገዋል፤ ኮምፒዩተሩ የለም ይላል። ፀሐይና ጸሃይ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ሠርፄና ሰርጼ ለሰው ጆሮ አንድ ቢሆኑም ለማሽኑ የተለያዩ ናቸው። ውጤቱም አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገቡ ወይም የከፈለው ሰው ያልከፈለ ተብሎ ስሙ መነበቡ ነው። ይህ በምእመናን ፊት የሚያሳፍር ነገር ነው። ጥሩ የአማርኛ ፕሮግራም ስሙን እንደተጻፈ ጠብቆ፣ ሲፈልግ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ይቆጥራል። ሻጭ ሲመጣ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። አንድ ስም በሁለት አጻጻፍ አስገብቶ ማስፈለግ በቂ ፈተና ነው።

የቆየ ጽሑፍ ያላቸው አጥቢያዎችም አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ጽሑፍ ይሠራ የነበረው ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች በየራሳቸው አቀማመጥ ነው። ያ ጽሑፍ ወደ አዲስ ፕሮግራም ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። መለወጫ አለ፤ ነገር ግን ከተለወጠ በኋላ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

በመጨረሻም የዓይነት ገቢ አለ። በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ገበሬው ለስዕለት የሚያመጣው ሁልጊዜ ብር አይደለም። በቆሎ፣ ስንዴ፣ በርበሬ፣ ጧፍ፣ በግ፣ አንዳንዴም ወይፈን ያመጣል። ከቅዳሴ በኋላ በጨረታ የሚሸጠው ሲሸጥ ብር ይሆናል፤ ያልተሸጠው ዕቃ ቤት ይገባል። የውጭው ሶፍትዌር በዋናነት የሚቆጥረው ገንዘብን ስለሆነ፣ በስዕለት በገባበት ዕለትና በተሸጠበት ዕለት መካከል ያለው በቆሎ ከመዝገብ ውጭ ሊሆን ይችላል። ብክነትም ሐሜትም የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው። ለብር አንድ፣ ለዓይነት አንድ መዝገብ ሊኖር፣ ሁለቱም በጨረታው ቃለ ጉባኤ ሊገናኙ ይገባል።

ቴሌብርና ደረሰኝ

ሶፍትዌሩ ቢቀርም ስልክ ግን ቀድሞ ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ያለ የቡሬ ተወላጅ ለደብሩ ሕንፃ የሚያዋጣውን በደቂቃ ይልካል። የንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በዚሁ ገበያ ውስጥ ይገኛሉ። ዳታ በሌለበት ቦታም የስልክ መስመር እስካለ ድረስ ቴሌብር *127# በመደወል ይሠራል። ለገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ገንዘቡ በማን ቁጥር ይገባል የሚለው ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ ከሚሰራጩት የመዋጮ ጥሪዎች ብዙዎቹ የግለሰብ ስልክ ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። ግለሰቡ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከራሱ የቤት ገንዘብ ጋር የተቀላቀለውን መዋጮ ለይቶ ማስረዳት ለእሱም ይከብደዋል፤ ቢሞትም ገንዘቡ የወራሾቹ ጉዳይ ይሆናል። ደብሩ በራሱ ስም፣ በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤና በወረዳ ቤተ ክህነቱ ደብዳቤ ሒሳብ ሊከፍት፣ ወጪውም በጥምር ፊርማ ሊሆን ይገባል። በእንዲህ ያለ ሒሳብ የሚገባው እያንዳንዱ ብር ቀን፣ ሰዓትና የግብይት ቁጥር ስላለው፣ መግለጫው ራሱ ማንም ያልጻፈው ሁለተኛ መዝገብ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሐሰት መልእክት ነው። “ገንዘብ ገብቷል” የሚል የተቀነባበረ የስልክ መልእክት ወይም ሥዕል ማሳየት በሱቆች የተለመደ ማጭበርበር ሆኗል። ደብርም የንዋየ ቅድሳት መሸጫና የሱቅ ኪራይ ስላለው ከዚህ አያመልጥም። ሒሳብ ሹሙ ደረሰኝ ሊቆርጥ የሚገባው የከፋዩን ስልክ አይቶ ሳይሆን የደብሩን ሒሳብ አይቶ ነው። በወሩ መጨረሻም የደረሰኙ ጥራዝ፣ የባንኩ መግለጫና የኮምፒዩተሩ ድምር አንድ መሆናቸው ይመሳከራል። ሦስቱ ካልገጠሙ ሶፍትዌሩ አላጠፋም፤ ሥራው አልተሠራም ማለት ነው።

መስመር ሲቋረጥ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲቀሰቀስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ምዕራብ ጎጃም ግጭቱ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መዝገቡን በሙሉ ውጭ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ያኖረ አጥቢያ በእንዲህ ያለ ጊዜ የገዛ አባላቱን ስም ማየት አይችልም። ልጅ ግን ይጠመቃል፤ ሰውም ይሞታል።

ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚገዛ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ መስመር ሲገኝ ብቻ ቅጂ የሚልክ መሆን አለበት። መብራት ስለሚጠፋ ከዴስክቶፕ ይልቅ ባትሪው ያልደከመ ላፕቶፕ ይመረጣል። በየሳምንቱ በሁለት ፍላሽ ላይ ቅጂ ይወሰዳል፤ አንዱ ዕቃ ቤት፣ ሌላው ከደብሩ ውጭ ይቀመጣል። ፍላሹ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚዞር ከሆነ ቫይረስ ይዞ ስለሚመለስ ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን። በየሦስት ወሩ ደግሞ የጥምቀቱና የአባላቱ ዝርዝር በወረቀት ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ይጠረዛል። ወረቀት መብራት አይፈልግም።

የምእመናን ምስጢር

በደብተር የተያዘ መዝገብን ለማየት ደብሩ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር የተያዘው ግን በአንድ ፍላሽ ተገልብጦ በደቂቃ ይወጣል። የአባላት ስም፣ ስልክ፣ መኖሪያ ቀበሌና የመዋጮ መጠን በአንድ ላይ የያዘ ዝርዝር ሰላም በሌለበት አካባቢ ለማን እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም። ብዙ ያዋጣው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ዘራፊም ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ አካል እንዲጠብቀው ያዛል። የሃይማኖት ጉዳይንም የተለየ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች ይመድባል።

በተግባር ይህ ማለት ሦስት ነገር ነው። የማያስፈልገውን አለመመዝገብ፤ የገንዘቡን መዝገብ ከጥምቀቱ መዝገብ መለየት፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ የይለፍ ቃል እንዲገባና ኮምፒዩተሩም በቁልፍ ቃል እንዲዘጋ ማድረግ። ከንስሐ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ነገር ደግሞ በጭራሽ ኮምፒዩተር ውስጥ አይገባም። የንስሐ አባት ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈው የመዝገብ ጉዳይ አይደለም።

በቅድሚያ ምን ይደረግ?

ገንዘቡ ውሱን ለሆነ አጥቢያ ተራው እንዲህ ቢሆን ያዋጣል። መጀመሪያ ተከታታይ ቁጥር ያለው ባለ ቅጂ ደረሰኝና በደብሩ ስም የተከፈተ ሒሳብ፤ ይህ ኮምፒዩተር አይፈልግም። ቀጥሎ የድሮውን የጥምቀት መዝገብ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፤ ይህንን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በጥቂት ቀናት ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ወጪውም ከፍላሽ ዋጋ አያልፍም። ሦስተኛ የአባላትን ዝርዝር በኤክሴል አሟልቶ አንድ ዓመት መሥራት። ሶፍትዌር የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ አጥቢያው ምን እንደሚጎድለው በራሱ ሥራ ስለሚያውቅ ሻጭ የሚለውን ብቻ ሰምቶ አይገዛም።

ብዙ አጥቢያዎች በወረዳ ቤተ ክህነት ደረጃ ተባብረው አንድ ፕሮግራም ቢያሠሩም ወጪው ይከፋፈላል፤ የሠሪውም ውል ይጠነክራል። ባለሙያ ያላቸው የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ደብሮች ለገጠሮቹ መዝገብ ማስገቢያ ማዕከል ሊሆኑ ይችላሉ። የገጠሩ ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ በወር አንድ ጊዜ ለገበያ ሲወጣ አስመዝግቦ፣ የታተመውን ይዞ ይመለሳል።

ሶፍትዌር የሚደምረው የተጻፈለትን ነው። ያልተቆረጠ ደረሰኝን፣ ያልተመዘገበ በቆሎንና በግለሰብ ስልክ የገባን መዋጮ ሊደምር አይችልም። ስለዚህ ለግዥ የሚወጣው ገንዘብ ከመወሰኑ በፊት ሰበካ ጉባኤው ያለፈውን አንድ ወር ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫና ደብተር ጠረጴዛ ላይ አቅርቦ ቢያመሳክር፣ አጥቢያው የጎደለው ማሽን ይሁን ሥርዓት በዚያው ስብሰባ ይታወቃል።